የከብታችን ብዛትና የሰማዩ ሙቀት

በቀድሞው አማርኛ ከብት የሚለው ቃል ለእንስሳ ብቻ የሚነገር አልነበረም፤ ሰው ያፈራውን ንብረትና ሀብት ሁሉ ከብት ይሉት ነበር። ስለዚህ ባላገራችን ሀብትህን አሳይ ቢሉት እንግዳውን ወደ በረቱ ይዞ መግባቱ ከቋንቋውም ከኑሮውም የመጣ ልማድ ነው። መንግሥትም ይህንኑ ልማድ ተከትሎ ከብት ያስቈጥራል፤ በ2020 እና በ2021 መካከል በተደረገው የእርሻ ናሙና ጥናት ባገራችን 70 ሚሊዮን ያህል የቀንድ ከብት፣ ከ42 ሚሊዮን በላይ በግ፣ ከ52 ሚሊዮን በላይ ፍየል መኖሩ ተገልጧል። (ዓመቶቹን የምንጽፈው የዓለም ጉባኤዎች በሚጽፉበት በኤውሮጳ አቈጣጠር ነው።) በአፍሪካ አገሮች መካከል በከብት ብዛት ስማችን በመጀመሪያው ረድፍ ይጻፋል።

ይሁን እንጂ ይህ ብዛት በሌላ መዝገብ ደግሞ ተጽፏል። የአየርን ጠባይ የሚመረምሩ ሊቃውንት፤ ምድርን ከሚያሞቁት ጋዞች ከኢትዮጵያ የሚወጣው አብዛኛው ከፋብሪካ ጢስ ሳይሆን ከእርሻችንና ከበረታችን መሆኑን በቍጥር አሳይተዋል። ነገሩ እንግዳ ስለሚመስል ባንዳንዱ ዘንድ ሣቅ፣ ባንዳንዱም ዘንድ ቍጣ ያስነሣል። እኛ ግን የሚያሥቅም የሚያስቈጣም አላገኘንበትም፤ ይልቁንም ቀድሞ ሊጠየቅ ይገባው የነበረ አንድ ጥያቄ አገኘንበት። ይኸውም የከብታችንን ብዛት አጥብቀን እንደምንጠይቅ የከብታችንንስ ፍሬ አጥብቀን እንጠይቃለን ወይ የሚል ነው።

አስቀድሞ የነገሩን ሥር ማስረዳት ይገባል። ምድር ከፀሐይ የተቀበለችውን ሙቀት መልሳ ወደ ሰማይ ትለቀዋለች። በአየር ውስጥ ግን ይህን የሚመለሰውን ሙቀት ይዘው የሚያስቀሩ፤ ለምድር እንደ ጋቢ የሚሆኑ ጋዞች አሉ፤ ዛሬ በቋንቋችን ሙቀት አማቂ ጋዞች ይባላሉ። የአየርላንድ ተወላጅ የሆነው ጆን ቲንዳል በ1859 በሎንዶን ይህን ጠባያቸውን በመሣሪያ መዘነ፤ የስዊድኑ ሊቅ ስቫንቴ አሬንየስም በ1896 ሰው የሚያነደው የድንጋይ ከሰል አየሩን ምን ያህል ሊያሞቅ እንደሚችል በሒሳብ አወጣ። ጋቢው ባይኖር ኖሮ ምድር በውርጭ በተያዘች ነበር፤ ችግሩ ጋቢው ከልክ በላይ እየተደረበ መሄዱ ነው።

ከእነዚህ ጋዞች ከእርሻ ጋር የሚገናኙት ሦስት ናቸው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደን ሲመነጠርና እንጨት ሲነድ ይወጣል። ናይትረስ ኦክሳይድ ከማዳበሪያና ከፍግ ይወጣል። ሦስተኛውና ለኛ ዋናው ሜቴን ነው፤ ኢጣሊያዊው አሌሳንድሮ ቮልታ በ1776 በማጆሬ ሐይቅ ዳር ካለው ረግረግ ሲፈላ አግኝቶ የመረመረው የሚነድ አየር ይኸው ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን የሚያመሰኳ ተብሎ ከማያመሰኳው የተለየው እንስሳ፤ ማለት በሬና ላም፣ በግና ፍየል፤ የበላውን በጨጓራው ውስጥ የሚያብላሉለት በዐይን የማይታዩ ረቂቅ ሕያዋን አሉት። እነርሱ ባይኖሩ ከብት ገለባ በልቶ ወተትና ሥጋ ሊሰጥ ባልቻለም ነበር። ነገር ግን ሲያብላሉ ሜቴን ይፈጠራል፤ ከብቱም ከሞላ ጐደል ሁሉን በግሣት ያወጣዋል፤ ብዙ ሰው እንደሚገምተው በኋላው አይደለም። ሜቴን በአየር ላይ የሚቈየው 12 ዓመት ያህል ብቻ ነው፤ ሙቀት በመያዝ ግን በመቶ ዓመት ሒሳብ፤ በክብደት ልክ ሲመዘን፤ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ያህል ይበረታል። ሊቃውንቱ ሁሉን ባንድ ሚዛን ለማድረግ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መልሰው ይቈጥሩታል፤ ከዚህ በታች ቶን የምንለውም በዚሁ ሚዛን ነው። የዕድሜው ማጠር ደግሞ ተስፋ አለበት፤ ዛሬ ቢቀነስ ውጤቱ በዚሁ ትውልድ ይታያልና።

መንግሥታችን በ2011 ስለ አረንጓዴ ኢኮኖሚ ባወጣው የስልት ሰነድ፤ አገሪቱ በ2010 ያወጣችው 150 ሚሊዮን ቶን ያህል መሆኑ ተጽፏል። ከዚህም 65 ሚሊዮኑ ከከብት፣ 55 ሚሊዮኑ ከደን መመንጠርና መመናመን፣ 12 ሚሊዮኑ ከአዝመራ የመጣ ነው። መብራት፣ ፋብሪካ፣ መጓጓዣና ሕንጻ እያንዳንዳቸው ከመቶ 3 እጅ ያህል ብቻ ይዘዋል። በኤውሮጳ ወይም በቻይና ይህ መዝገብ ተገልብጦ ይገኛል። ያው ሰነድ፤ ምንም ሳይደረግ በቀድሞው መንገድ ከተኬደ በ2030 ጠቅላላው 400 ሚሊዮን ቶን፤ የከብቱ ድርሻ ብቻውን 124 ሚሊዮን ቶን እንደሚደርስ ገምቶ ነበር። በ2021 ለተባበሩት መንግሥታት በቀረበው የታደሰ ቃል ደግሞ፤ በ2030 ሊወጣ ከሚችለው 68.8 ከመቶ ለመቀነስ አገራችን ፈርማለች፤ ከዚህ ውስጥ 14 ከመቶው በራሷ አቅም፣ የቀረው በውጭ ርዳታ የሚፈጸም ነው። ይህ እንግዲህ በመንግሥት ማኅተም የወጣ ቃል ነው እንጂ የጋዜጣ ወሬ አይደለም።

እዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ ተቃውሞውም ሐሰት አይደለም። ሰማዩን ያጠቈሩት ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የድንጋይ ከሰልና ነዳጅ ሲያነዱ የኖሩ አገሮች ናቸው። በ2010 ባንድ ኢትዮጵያዊ ነፍስ ወከፍ የሚደርሰው ከ2 ቶን በታች ነበር፤ ባንድ አሜሪካዊ ግን በዚያው ዓመት ከ20 ቶን በላይ ነበር። ታዲያ ባለዕዳው ሌላ ሆኖ ሳለ የባላገሩን ላም ለምን ትከሷታላችሁ የሚል ሰው መልስ ሊያገኝ ይገባዋል። በጉባኤ አደባባይ ይህ ክርክር ይቅረብ፤ መልእክተኞቻችንም አይልቀቁት። በቤታችን ግን ክርክሩ ወተት አይሆንም።

ባላገሩ ስለዚህ ነገር ሲሰማ ሌላ ግብር ሊመጣብኝ ነው ብሎ ቢሠጋ አይፈረድበትም፤ በውጭ አገር እንዲህ ያለ ነገር ተጀምሯልና። ዴንማርክ በ2024 መንግሥቷና የገበሬዎቿ ማኅበር በተስማሙበት መሠረት ከ2030 ጀምሮ በከብት ጋዝ ላይ ግብር እንዲከፈል ወስናለች፤ ግብሩ በቶን 300 ክሮነር ሆኖ ቅናሽ ስላለው ገበሬው በውነት የሚከፍለው 120 ያህል ነው። ኒውዚላንድም ከጠቅላላ ጋዟ እኩሌታ ያህሉ ከእርሻ የሚወጣ ስለ ሆነ በ2022 እንዲህ ያለ ክፍያ አሰበች፤ ገበሬዎቿ በትራክተር ወደ ከተማ ወጥተው ተቃወሙ፤ በ2024ም መንግሥቷ ገበሬውን ከጋዝ ክፍያ ውጭ አደረገ። የዴንማርክ ላም በቀን 30 ሊትር ያህል ትታለባለች፤ ባለቤቷ ከወተቱ ግብር ለመክፈል ይችላል። እኛ ዘንድ ግን ግብሩ የሚነሣበት ወተት የታለ?

ይህን በቍጥር እንየው። የኛይቱ ላም በአማካይ በቀን የምትሰጠው 1 ሊትር ተኩል ያህል ነው፤ የምትታለበውም ሰባት ወር ያህል ነው፤ ስለዚህ ባንድ የአለባ ዘመን 300 ሊትር ያህል ትሰጣለች። በዓመት የምታወጣው ሜቴን 40 ኪሎ ግራም ነው እንበል። የኤውሮጳይቱ ላም ብዙ ስለምትበላ 120 ኪሎ ግራም ታውጣ፤ ወተቷ ግን በዓመት 9 ሺህ ሊትር ይደርሳል። ማካፈል የተማረ ሕፃን ይህን ሊሠራው ይችላል፤ በኛ ላም አንድ ሊትር ወተት 130 ግራም ያህል ሜቴን ሲያስወጣ፤ በዚያችኛዋ 13 ግራም ያህል ነው። ዐሥር እጥፍ ማለት ነው። ሒሳቡ የኛን ላም ጥቂት ይበድላታል፤ እርሷ ወተት ብቻ ሳይሆን በሬ የሚሆን ወይፈን፣ ፍግና ኩበት፣ በችግር ቀንም የሚሸጥ ሀብት ትሰጣለችና። ብትበደልም ልዩነቱ በዚህ አይደፈንም።

ደግሞም ሜቴን የሚነድ ነገር ነው፤ የሚነድ ነገርም ጕልበት አለበት። ያ ጕልበት የመጣው ከብቱ ከበላው መኖ ነው፤ ከመኖው ጕልበት ከመቶ 6 ወይም 7 እጅ ያህሉ በዚህ መንገድ ሥጋም ወተትም ሳይሆን ይጠፋል። መኖው ደረቅ ጭድና ገለባ በሆነ መጠን የሚጠፋው ይበዛል። ላም አለኝ በሰማይ፤ ወተቷንም አላይ የሚለው ተረት ከንቱ ተስፋ ለሚያደርግ ሰው የተነገረ ነበር፤ አሁን ግን የላማችን ቀለብ በቁሙ ወደ ሰማይ ሲወጣ እናያለን።

ታዲያ ባላገሩ ይህን ያህል ከብት ለምን ያቈያል? የከተማ ሰው ኵራት ነው ይላል። ኵራቱም አይጠፋበትም፤ ዋናው ምክንያት ግን ሞፈርና ቀንበር ነው። ጥማድ በሬ የሌለው ገበሬ በወቅቱ ሊያርስ አይችልም። አንድ በሬ ብቻ ያለው ከጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ገብቶ ተራውን ይጠብቃል፤ ምንም የሌለው መሬቱን ለባለ በሬ በእኩል ይሰጣል። ዝናም ደግሞ የሰውን ተራ አይጠብቅም። ሁለት በሬ ለማግኘት ወይፈን ያስፈልጋል፤ ወይፈን ለማግኘት ላም ያስፈልጋል፤ ላሚቱን ለመተካት ጊደር ያስፈልጋል፤ ከመካከል የሚሞት ስለማይታጣም ትርፍ ይያዛል። እንግዲህ በዓመት ሁለትና ሦስት ወር ለሚያርሱ ሁለት በሬዎች ሲባል ዓመቱን ሙሉ የሚበላ፤ ዓመቱንም ሙሉ የሚያገሣ መንጋ ይቀለባል። ይህን ሳያውቁ ገበሬውን ከብት ቀንስ ብሎ መምከር ሳታርስ እደር እንደ ማለት ነው።

ያለ በሬ መቅረት ምን እንደ ሆነ ሕዝባችን ያውቀዋል። ከ1888 እስከ 1892፤ በኛ ከ1880 እስከ 1884 ዓመተ ምሕረት፤ ክፉ ቀን በተባለው ዘመን በምጽዋ በኩል የገባው ደስታ የተባለው የከብት በሽታ ካገሪቱ የቀንድ ከብት ከዐሥሩ ዘጠኙን ያህል ጨረሰ። የሚጠመድ ጠፍቶ ማሳው ጦም አደረ፤ ዳግማዊ ምኒልክም ሕዝቡን ለማበረታታት በገዛ እጃቸው ዶማ ይዘው መቈፈራቸው በታሪክ ይነገራል። ያ በሽታ በክትባት ተሸንፎ ከዓለም መጥፋቱ በ2011 ታወጀ፤ የአረንጓዴው ኢኮኖሚ ሰነድ በወጣበት ዓመት መሆኑ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ዝምድና ብዙ ሰው አያስተውለውም። ከብቴ በድንገት አይሞትብኝም ብሎ የተማመነ ሰው ለመጠባበቂያ ሲል ትርፍ ከብት ለመያዝ አይገደድም። ስለዚህ በወረዳ የሚቀመጥ የከብት ሐኪምና ሳይበላሽ የሚደርስ የክትባት መድኃኒት ስለ ሰማዩ ሙቀት ከሚደረገው ሥራ ውስጥ ሊቈጠሩ ይገባል፤ በበጀትም ጊዜ በዚህ ስም ሊጠየቅላቸው ይቻላል።

በቦረናና በሶማሌ ቆላ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናም ወራት በተከታታይ ሲቀሩ በሚሊዮን የሚቈጠር ከብት አልቋል። ያ ሁሉ ከብት ዕድሜውን ሜቴን ሲያወጣ ኖሮ በመጨረሻ ለባለቤቱ ቁርበቱን እንኳ በወጉ አልሰጠም። ድርቁ ሳይበረታ የሚገዛው ነጋዴ፣ የሚነዳበት መንገድ፣ የሚታረድበት ቄራ ቢቀርብለት ኖሮ አርብቶ አደሩ እኩሌታውን ሸጦ እኩሌታውን ባዳነ ነበር። የአየር መሞቅ ድርቁን ያበረታዋል፤ ድርቁም በመጀመሪያ የሚመታው ምንም ዕዳ የሌለበትን ይህንኑ ሰው ነው።

የሞፈሩን ነገር መፍታት ቀላል አይደለም። መቀመጫው በአዲስ አበባ የነበረው የአፍሪካ የከብት ምርምር ማእከል፤ በኋላ በ1994 ወደ ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም የተቀላቀለው፤ በ1980ዎቹ አንድ በሬ ብቻ የሚስበው ማረሻ ሠርቶ ሞክሮ ነበር። በምርምር ጣቢያ ደኅና ሲያርስ ታየ፤ ገበሬው ግን ሳይቀበለው ቀረ። ከዚህ ወዲህ በየቦታው የታየው የተሻለ መንገድ ትራክተር በኪራይ መገኘቱ ነው። በአርሲና በባሌ የስንዴ አገር ለጥ ባለው መሬት ይህ ተለምዷል። በተራራማው ደጋ ግን ትራክተሩ አይወጣም፤ በዚያ በሬው ገና ብዙ ዘመን ያርሳል፤ ስለዚህ በዚያ ያለው ሥራ በሬውን በሚገባ መቀለብ ነው።

ስለ መኖ ብዙ ተነግሯል፤ እኛ የምንጨምረው ጥቂት ነው። የኑግ ፋጉሎና የስንዴ ፉርሽካ ዋጋቸው ከገበሬው አቅም በላይ በሆነበት ዘመን ምክር ብቻውን ላም አያጠግብም። ከጨንቻ ደጋ የተገኘው ደሾ ሣር ግን ዘሩ ያገር ነው፤ በእርከን ላይ ሲተከል አፈሩን ይይዛል፤ እየታጨደ ለታሰረ ከብት ይሰጣል። ከብት ታስሮ ሲቀለብ ፍጉ ባንድ ቦታ ይከማቻል፤ የተከለለውም ተራራ ያገግማል። ዘር ማሻሻልም መልካም ነው፤ ከብቶቻችን ከመቶ 97 ያህሉ ያገር ዘር ናቸውና። ነገር ግን የፈረንጅ ላም አምጥቶ ገለባ እያበሉ ወተት መጠበቅ ገንዘብን ማጥፋት ነው፤ መኖው ይቅደም፤ ኮርማው ይከተል። በኅዳር 2022 በአርባ ምንጭ የተጀመረው የሌማት ትሩፋት ዶሮንና እንቍላልን፣ ማርንና ዓሣን ከወተት ጋር ማስከተሉ በዚህ ረገድ ትክክል ነው፤ ዶሮ አታመሰኳም፤ ሜቴንም የላትም ለማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ኩበት እንምጣ፤ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነን ይህ ነው። እንጨት ባለቀበት ደጋ ሴቶችና ልጆች ፋንድያውን ለቅመው፣ ጠፍጥፈው፣ አድርቀው ያነዱታል። ወደ መሬት ሊመለስ የሚገባው ምግብ ጢስ ሆኖ ዐይን ያጠፋል፤ ገበሬውም በክረምት መግቢያ የዚያን ምትክ በብድር ይገዛል፤ ከባሕር ማዶ በውጭ ምንዛሪ የመጣ ማዳበሪያ። የጓሮ መሬት ለምን ይሠባል፤ የሩቁ ማሳ ለምን ይከሳል ብሎ የጠየቀ ሰው መልሱን ራሱ ያገኘዋል፤ ፍግ ከሚደርስበት ያለው ይለመልማል። ማዳበሪያውንም በተመለከተ አንድ ቃል ብቻ እንበል፤ ገበሬያችን የሚጨምረው ጥቂት ስለ ሆነ ቀንስ አይባልም፤ ነገር ግን በጊዜው ሳይደርሰው ቀርቶ ከዘር በኋላ የተበተነው፤ ወይም በጎርፍ የሄደው፤ እህል ሳይሆን ይቀራል፤ ከፊሉም ናይትረስ ኦክሳይድ ይሆናል። ማዳበሪያን በሰዓቱ ማድረስ የአስተዳደር ሥራ ነው።

ኩበትን ከእሳት ለማዳን የተሞከረው ባዮጋዝ ነው፤ ፋንድያ ከውሃ ጋር ተበጥብጦ በተዘጋ ጕድጓድ ሲብላላ የሚወጣው ሜቴን ለእሳትና ለመብራት ይሆናል፤ የቀረው ዝቃጭ ደግሞ ከፍግ ያላነሰ ማዳበሪያ ነው። ወደ አገራችን የገባው በ1979 በአምቦ የእርሻ ትምህርት ቤት ነው፤ በ2009ም ብሔራዊ ፕሮግራም ተቋቁሞለት በሺሕ በሚቈጠሩ ቤቶች ተሠራ። ያልተስፋፋበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ውሃ ማጣት አንዱ ነው። ሌላውን ግን ዕቅድ አውጪዎች ከእናቶች አስቀድመው ቢጠይቁ ኖሮ ባወቁት ነበር፤ በጋዙ ወጥ ይሠራል፤ ቡና ይፈላል፤ እንጀራ መጋገር ግን በጀመሪያው ጊዜ አልተቻለም። ከቤት ማገዶ ከእኩሌታ በላይ የሚፈጀው ደግሞ እንጀራ ነው። በሲሚንቶ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ እኩሌታ ይቀንሳል፤ ዋጋውም ከባዮጋዝ ጕድጓድ ጋር አይተያይም። አንድ ቤት አንድ ምጣድ የምድጃ ከለላ ቢያገኝና በጓሮው ዳር ለማገዶ የሚሆን ዛፍ ቢተክል ኩበቱ ወደ ማሳው ይመለሳል። ከዚህ ሁሉ ነገር በጥቂት ገንዘብ ብዙ ሥራ የሚሠራው ይህ ይመስለናል።

ከከብት ቀጥሎ ትልቁ ድርሻ የደን ነው፤ ደን የሚመነጠረውም አብዛኛውን ጊዜ ለእርሻ ነው። ያንድ ሄክታር ምርት ሲደክም ሌላ ሄክታር ከዱሩ ይቈረጣል፤ ስለዚህ የድሮውን ማሳ ማሠባትና ዱሩን ማዳን አንድ ሥራ ናቸው። በደቡብ ጎንደር ከኮረብታ ላይ ሆኖ የተመለከተ ሰው፤ ከታረሰውና ከተላጨው ምድር መካከል እዚህም እዚያም ክብ አረንጓዴ ነገር ያያል፤ የቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ነው። ወይራው፣ ጥዱ፣ ዝግባው፣ ዋንዛው በዚያ ቀርቷል፤ የዕፀዋት ሊቃውንትም የቀድሞው ደን ዘር የሚገኝበት ብለው ይመረምሩታል። ካህናቱ ይህን ያቈዩት የካርቦንን ስም ሰምተው አይደለም። ነገር ግን ዐጸዱም ከዳር እየተበላ ነው፤ ከብት ገብቶ ችግኙን ስለሚግጠው አሮጌው ዛፍ ሲወድቅ ተተኪ አይነሣም። ባንዳንድ ደብር ምእመናኑ ከማሳቸው ድንጋይ ለቅመው በዙሪያው ካብ ክበዋል፤ ከካቡ ውስጥ ችግኙ እንደገና በቅሏል፤ ከማሳውም ድንጋዩ ስለ ተነሣ ለገበሬው ቀለለው። አለቆችና ገበዞች ይህን በየደብራቸው ቢያስቡበት የሚጠይቀው ድንጋይና ጕልበት ብቻ ነው።

ካህናትን ካነሣን ዘንድ ስለ ጾምና ስለ ወተት ማንሣት አይቀርም። ሽሮና ምስር፣ ባቄላና አተር የሚበላበት ማዕድ ከሥጋው ማዕድ ይልቅ ለሰማዩ የቀለለ መሆኑን ዛሬ የውጭ ሊቃውንት ይመሰክራሉ፤ በዚህ የምንመካበት ነገር የለም፤ ጾም ለሌላ ነገር የታዘዘ ነውና። ላሚቱ ግን አትጾምም። በዐቢይ ጾም ወራት በከተሞች ዙሪያ ያለ ወተት አምራች ገዢ ያጣል፤ የተረፈውን ይንጣል፤ አይብ ያወጣል፤ ያልቻለውም ይበላሽበታል። የተደፋ ወተት የጠፋ ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ላሚቱ የበላችውና ያገሣችውም ሁሉ በከንቱ ሆነ ማለት ነው። መፍትሔው በወተት አገር ሁሉ የታወቀ ነው፤ ወተትን አድርቆ ዱቄት የሚያደርግ ፋብሪካ፣ ረጅም ጊዜ የሚቈይ ቅቤና አይብ የሚያዘጋጅ መሥሪያ ቤት ማቋቋም ነው። የጾሙ ቀን በባሕረ ሐሳብ አስቀድሞ የታወቀ ሆኖ ሳለ፤ በየዓመቱ እንደ ድንገተኛ አደጋ ሲደርስብን ማየት ይገርማል።

አሁን ወደ መዝገቡ እንመለስ፤ ከላይ የተናገርነው ሁሉ የሚሰናከለው በዚያ ነውና። ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ክልል በሚወጣው ሪፖርት የከብቱ ብዛት ከአምናው ሲጨምር እንደ ድል ይጻፋል። የተተከለው ችግኝ ይቈጠራል፤ በ2019 የአረንጓዴ ዐሻራ ከተጀመረ ወዲህ ቍጥሩ በቢሊዮን ሆኗል፤ የጸደቀው ስንት እንደ ሆነ ግን በዚያው ድምፅ አይነገርም። ባዮጋዝ ተሠራ ይባላል፤ ዛሬ የሚነደው ስንቱ ነው ቢባል ጸሐፊው ፋይሉን ሊፈልግ ይነሣል። ሹም የሚመዘንበትን ነገር ያበዛል፤ ይህ የሰው ሁሉ ጠባይ ስለ ሆነ ሹሙን ብቻ አንወቅሰውም። በብዛት የተመዘነ ወረዳ ብዛትን ያመጣል፤ ብዛቱም ባዶ ጨጓራ ይዞ ወደ ሰማይ ያገሣል።

ስለዚህ በግብርና ሚኒስቴር የሪፖርት ቅጽ ላይ ከከብት ብዛት አጠገብ ጥቂት ዓምድ እንዲጨመር እናሳስባለን። አንዲት ላም በቀን የምትሰጠው ሊትር ይጻፍ። ጊደር በስንት ዓመቷ የመጀመሪያ ጥጃዋን እንደ ወለደች ይጻፍ፤ ዘግይታ የምትወልድ ጊደር ያንን ሁሉ ዓመት በከንቱ የምትቀለብ ናትና። በዓመቱ በበሽታና በረኃብ የሞተው ከብት ይጻፍ፤ በዚህ ዓምድ ላይ የሚዋሽ እንዳይኖር የከብት ሐኪሙ ይፈርምበት። ኩበት የሚያነድደው ቤትና ምርጥ ምድጃ ያለው ቤት ለየብቻ ይቈጠር። ችግኙም በተተከለ በሦስተኛው ዓመት እንደገና ይቈጠር። ይህን ለመጻፍ አዲስ መሥሪያ ቤት ማቋቋም አያስፈልግም፤ የልማት ሠራተኛው ከብቱን ለመቍጠር ወደ በረቱ በገባበት እግሩ ሊጠይቀው ይችላል።

በ2025 በብራዚል በቤሌም ከተማ በተደረገው ጉባኤ፤ የ2027ቱ የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ በአዲስ አበባ እንዲሆን ተቈርጧል። እንግዶቹ ሲመጡ አዳራሹና ጐዳናው ተሰናድቶ እንደሚቈያቸው አንጠራጠርም። ከመካከላቸው ግን አንዱ የእርሻ ሊቅ ተነሥቶ 70 ሚሊዮኑ ከብት ምን ያህል ያጠጣችኋል ብሎ ቢጠይቅ፤ በየወረዳው የተፈረመበት መዝገብ ተገልጦ መልሱ ከዚያ እንዲነበብለት እንወዳለን።